የኮርማው ድምፅ

ጥቅምት 8

ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ካውያ ጠገንኩ። ዝናቡ ሊለቅ ነው መሰል፣ ከሰዓት ትንሽ አካፍቶ ተወው።

ከሥራ በኋላ ልምምድ። ኮርማውን ከመኪና ሲያወርዱ ቆሜ አየሁ። ዋሊድ ከፊት፣ ሌሎቹ ሦስቱ ከጎንና ከኋላ፣ "ቀስ፣ ቀስ" እየተባባሉ... አወረዱትና ያረፈበት ላይ ተውት። ማንም ሁለተኛ ሊነካው አይፈልግም። ስሙን ማን እንዳወጣለት ረሳሁ። የቤዝ ጊታሬ የድምፅ ሳጥን ነው እንጂ እውነተኛ ኮርማ ቢሆንማ በራሱ እግር ይወርድ ነበር።

የወገቤ ዲስክ ከተንሸራተተ ወዲህ ሥራዬ ቆሞ ማየት ሆኗል። ሐኪሙ ግልጽ አድርጎ ነግሮኛል፤ ከግማሽ ጀሪካን ውሃ በላይ እንዳታነሳ። ኮርማው ስንት ጀሪካን ይወጣው ይሆን? ላስበው አልፈለግኩም።

ግን ሲናገር... ዛሬም ሆዴ ውስጥ ገባ። ክብ ድምፅ። የድሮ ድምፅ። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ጥቁር ፕላስቲክ ይጮኻል እንጂ አይናገርም።

ጥቅምት 10

ዋሊድ ሱቅ መጣ። ሻይ አስመጣሁለት። ስኳሩን ሲያማስል፣ ሲያማስል... አንድ ነገር እንዳለው ገባኝ። ባንዱን የሚመራው እሱ ነው፣ ኪቦርዱንም እሱ ነው የሚጫወተው። ጨዋ ነው፤ ክፉ ወሬ ማውጣት ይከብደዋል።

በመጨረሻ አወጣው። ልጆቹ ኮርማውን መሸከም ሰልችቷቸዋል። ድራም የሚመታው ባለፈው ጣቱን ተጨፍልቋል። መኪና የምንከራየውም ለሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ ባጃጅ ላይ ይገባል።

"ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት" አለ። "ቤዙን ኪቦርድ ላይ በግራ እጄ መያዝ እችላለሁ። እርስዎ ትንሽ ይረፉ።"

ይረፉ! በዚህ አገር ይረፉ የተባለ ሰው ተመልሶ ሲጠራ አላየሁም። ተቆጣሁ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ፣ እውነቱን ነዋ። እኔ የማላነሳውን ሰው እየተሸከመልኝ እስከ መቼ?

ራሴ የማነሳው ሳጥን ብሠራስ አልኩት፣ ድምፁ ያው የኮርማው ሆኖ። ትንሽ አሰበና እሺ አለ። እህቱ ነዕማ ጥር ላይ ባምባሲ ታገባለች። ሳጥኑ ለሠርጉ ከደረሰ፣ ድምፁም ከመጣ፣ ቦታዬ ቦታዬ ነው። ካልመጣ የሱ ግራ እጅ አለ። ተጨባበጥን። ሻዩ ቀዝቅዞበት ሄደ።

ጥቅምት 11

ግማሽ ጀሪካን። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ጥቅምት 16

ብሪቱ ጠዋት "ምን ሆነህ ነው ስትገላበጥ ያደርከው?" አለችኝ። ሳጥን እያሰብኩ ነው ብላት ሳቀችብኝ። እስከ ዛሬ ጣውንቴ ጊታሩ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሳጥን መጣብኝ ትላለች።

ኻሚስ ዘንድ ሄድኩ። አናጢ ነው፣ አልጋና በር ይሠራል፣ የቆየ ወዳጄ። ኮርማውን በጋሪ አስጫንኩና እሱ ግቢ ውስጥ ፈታነው። ሚስማሩን እየነቀልን ስናይ... ጣውላ በጣውላ ላይ! የላዩ ዋንዛ፣ ከሥሩ ሌላ ዋንዛ፣ ከሱ ሥር ስሙን የማላውቀው እንጨት። ምስጥ አንዱን በበላው ቁጥር ሌላ ተመትቶበታል። ድሮ የአንድ የኪነት ቡድን ንብረት ሳለ አዳራሽ ውስጥ መሬት ላይ ተጥሎ ስንት ክረምት አሳልፏል። አሶሳ ውስጥ እንጨት መሬት ላይ ይተዋል እንዴ? እዚህ እኮ የአልጋ እግር እንኳ ጡብ ሳይደረግለት አያድርም።

ከሁሉም ሥር ዋናው ሳጥን ወጣ። ስስ ነው! የጣቴን ውፍረት የማያክል ኮምፔርሳቶ። ኻሚስ በጣቱ አንኳኳው። ዱም አለ።

"ይሄ ቀላል ነበር" አለ ኻሚስ። "እናንተ ነው ያከበዳችሁ። ልብስ ላይ ልብስ፣ ልብስ ላይ ልብስ።"

ያ ድምፅ ከክብደቱ አይደለም ማለት ነው? ታዲያ ከየት ነው? ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ያላወቅኩት ነገር ስላለ ይሆናል።

ጥቅምት 25

ጾሬ የስደተኞች ካምፕ የሚሠራው የብሪቱ የአክስት ልጅ ሱቅ ድረስ መጣ። አንድ ድርጅት አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ የተበላሸ የስብሰባ ድምፅ ማጉያ አግኝቶ አመጣልኝ። "ይጠቅምህ ይሆናል ብዬ" አለ። መጥቀም ብቻ!

ፈታሁት። የተቃጠለው አምፕሊፋየሩ ነው፣ ስፒከሩ ደህና ነው። ማግኔቱ ደግሞ ትንሽዬ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ። የኮርማው ማግኔት የወፍጮ ድንጋይ ነው። ስፒከሩ ላይ የተወጠረው ወረቀትም እንደ ድሮዎቹ እውነተኛ ወረቀት ነው፣ ፕላስቲክ አይደለም። በአንድ እጄ አነሳሁት። ወገቤ ትንፍሽ አላለም።

ኅዳር 4

አለቀ! ኻሚስ ቆረጠ፣ እኔ ኮላ ቀባሁ፣ ሁለታችንም ተነታረክን። እሱ ጣውላው ይወፍር ይላል፣ እኔ ዋናው ስስ ነበር እላለሁ። እኔ አሸነፍኩ። ስሙን ጥጃው አልነው።

አንጠልጥዬው ግቢውን ዞርኩ። ብሪቱ "አስቀምጥ፣ አስቀምጥ" እያለች ከኋላዬ። ከግማሽ ጀሪካን ይበልጥ ይሆን ብዬ ግማሽ ውሃ የያዘ ጀሪካን በሌላው እጄ ይዤ አመዛዘንኩ። ሐኪሙ ቢያየኝ ምን ይል ነበር... እኩል ናቸው።

ሱቅ ወሰድኩትና ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ጊታሩን ሰካሁ። ወፍራሟን ክር መታሁ። ወይ ጉድ። ይንጣጣል! ጎኖቹ ሁሉ ይርገፈገፋሉ። ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ ነው የሚመስለው። በአጠገቤ ያለው ባለሱቅ ምን ተሰበረ ብሎ መጣ።

ኅዳር 5

የጣውላው መሳሳት ነው ጥፋቱ? ዋናውም ስስ ነበር እኮ። ኻሚስ አልነገርኩህም የሚል ፊት አለው። አይናገርም፣ ፊቱ ግን ይበቃል።

ኅዳር 23

ኻሚስ ዘመዶቹ ዘንድ ወሰደኝ፣ በመንጌ መንገድ። አዝመራው ስለገባ ዋዛ የሚሉት መለከት ይነፋል። እህል ማሳ ላይ ሳለ አይነፉትም፤ ሰቅለው አስቀምጠው ምርቱ ሲገባ ነው የሚያወርዱት። እዚህ አገር ስኖር ከመንገድ ዳር እየሰማሁት ስንቴ አልፌያለሁ፣ ቀርቤ ያየሁት ግን ገና ዛሬ ነው።

ቅል ነው! ቅል በቅል ላይ እየተገጠመ የሚረዝም መለከት። ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አስፈቅጄ አነሳሁት... ምንም አይከብድም። የነፉት ጊዜ ግን ደረቴን መታኝ። እንደዚያ ያለ ወፍራም ድምፅ ከዚያ ቀላል ነገር! ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ቅሉን የሚያጸናው ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ነው፤ በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ታስሯል። ሁለተኛው፣ ትንንሾቹን የያዙት ቀና ብለው ሲነፉ፣ ትልቁን የያዘው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የመለከቱን አፍ ወደ መሬት ደፍቶ ነው የሚነፋው። ለምን? ኻሚስን ጠየቅኩት።

"እንዲህ ነው የሚነፋ" አለ። "አባቱም እንዲህ ነው።"

ሌላ የሚጨምርልኝ አልነበረውም። እኔም ሐሳቤ ቀርከሃው ላይ ነበር።

ኅዳር 26

የዚህ አገር ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነው፤ እንደ ደጋው ባዶ አይደለም። ኻሚስ ሰነጠቀው። መጀመሪያ ስግብግብ ሆነን በየአቅጣጫው አስገባንበት። ጥጃው ዲዳ ሆነ፣ በትራስ የታፈነ ይመስል። አንድ በአንድ አወጣን። ፊቱን ከጀርባው የሚያያይዝ አንድ ቀረ፣ ጎንና ጎኑን የሚያያይዝ ሌላ አንድ። መንጣጣቱ ጠፋ።

"አሁን ይተነፍሳል" አለ ኻሚስ። እውነቱን ነው። ቃናው ያው የኮርማው ቃና ነው፣ ክብነቱ ሁሉ። ሁለታችንም ምሳ ረስተን ነበር፣ ብሪቱ ልካ አስጠራችን። ኻሚስ ሲገባ "ሚስትህ ተቆጣ" ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ፤ ብሪቱ ሰምታ ሳቋን አፈነች።

ታኅሣሥ 6

ሆድ የለውም።

ቃናው አለ፣ ሆዱ ግን የለም። ስፖንጅ ጨመርኩ። ስፖንጁን አወጣሁ። ጀርባውን በሳሁ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ስፒከሩን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ኮርማው ሲናገር እግሬ ሥር ይሰማኝ ነበር፤ ይሄ ጆሮዬ ላይ ይቀራል። ምን ጎደለ? ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያፈጥብኛል፣ እኔም አፈጥበታለሁ።

ታኅሣሥ 9

የደንበኛ ሬዲዮ እየጠገንኩ ስለ ሳጥኑ ሳስብ ሁለት ሽቦ አጋጭቼ ፊውዝ አቃጠልኩ። ከጀማሪነቴ ወዲህ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ታኅሣሥ 20

ልምምድ። ጥጃውን የሰሙበት የመጀመሪያ ቀን። ኻሚስም ሊሰማ መጣ። አዲስ እንጨት ስለሆነ መሬት እንዳይነካ ኻሚስ ሁለት ጡብ አቀበለኝ፣ እላዩ ላይ አስቀመጥኩት።

ዘፋኛችን ዐዋጢፍ "ቆንጆ ነው፣ ጋሼ" አለች። ሰው ድምፅን ቆንጆ ነው ካለ አልወደደውም ማለት ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የዋሊድን ግራ እጅ አየሁ። ቀስ ብላ ወደ ወፍራሞቹ ቁልፎች ወረደች። እያገዘኝ ነው። ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ እያገዘኝ ነው።

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ጥር 3

ለዋሊድ ሠርጉን ልተወው ነው ልለው ወሰንኩ። መጀመሪያ ለብሪቱ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቀና አላለችም።

"ብትቀር ከእኔ ጋር ነው የምትቀመጠው" አለች። "ያንን ፊትህን ደግሞ እኔ አልሸከምም። ከኮርማው ይከብዳል።"

ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። "ሂድ። ካልተሳካም እዚያው ሰው ፊት ይውደቅ።"

እውነቱን ልጻፍ፤ ፈርቻለሁ። ሳጥኑ አይደለም ያስፈራኝ። ከማይጠገን ዕቃ እኩል እንዳልቆጠር ነው። ቤዝ ካልተጫወትኩ ማን እንደሆንኩ አላውቅም። ቴሌቪዥን መጠገን እንጀራዬ ነው፣ እሱን ማንም ይሠራዋል። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ትከሻውን ሲመታ ከሥር የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ማወቅ ግን... ያንን በምን እተካዋለሁ?

ጥር 17

ነገ ባምባሲ። ጥጃውን በላስቲክ ጠቀለልኩት። መልሰን የገጠምነው ኮርማ ጥግ ላይ ጡብ ላይ ቆሞ ያየኛል። የሆነ ነገር እንደሳትኩ ይታወቀኛል። ምኑን?

ጥር 19

የትናንቱን ዛሬ ነው የምጽፈው። ትናንት እጄ ብዕር የሚይዝ አልነበረም።

ትልቅ ዳስ፣ ብዙ ሰው። ግማሹ በበርታ ቋንቋ ያወራል፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ መከራከር ሲመጣ ሁሉም በአማርኛ። ጥጃውን ራሴ ተሸክሜ ገባሁ። ራሴ! ማንም አላየኝም፣ ሁሉም የሚያየው ነዕማን ነው። መሬቱ አቧራ እንዳይነሳ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ሁለት ባዶ የለስላሳ ካሳ ደረብኩና ጥጃውን እላዩ ላይ አወጣሁት።

ጀመርን። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዋሊድ ዞር ብሎ አየኝ። ዐይኑ ይቅርታ ይላል። ግራ እጁን አወረደ፣ ቤዙን ያዘ። በዚህ ጊዜ አልደበቀውም። የእህቱ ሠርግ ነው፣ ምን ያድርግ? ቃልም ቃል ነው። እጄን ከክሩ ላይ አነሳሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጊታሩ ጭኔ ላይ። ሰው ይጨፍራል። ማንም ልብ አላለም። የከፋኝ እሱ ነው፤ ማንም ልብ አላለም።

ጥቂት ቆይቶ ቶይባ መጣች። የሙሽራዋ አክስት ናት፣ የመስተንግዶው አዛዥ። እንግዳ በዝቶ ባዶ ጠርሙስ የሚሰበሰብበት ካሳ አጥተዋል። ከጥጃው ሥር ያሉትን በአገጯ አመለከተችኝ።

"አንተ አሁን ሥራ የለህም" አለች። "ካሳውን ስጠኝ።"

ክፋት የላትም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። ጥጃውን አወረድኩላት። እዚያው እግሬ ሥር፣ እርጥቡ መሬት ላይ። እንጨቴ ሊበሰብስ ነው ብዬ እንኳ አላሰብኩም፣ ምን ቀረኝና። ካሳዎቿን አንጠልጥላ ሄደች። ዘፈኑ አለቀ። ሌላው እስኪጀመር ለእጄ ሥራ ፈልጌ ወፍራሟን ክር ነካኋት።

እግሬ ሥር ተሰማኝ።

እንደገና መታኋት። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቀና አሉ። ዐዋጢፍ ዞረች። ዋሊድ ዞረ። ሦስተኛ መታሁ፣ ረጅም አድርጌ... ሆዱ መጥቷል! ያው ድምፅ፣ ያው የኮርማው ድምፅ፣ ከዚያች ቀላል ሳጥን! ዋሊድ ወደ ጥጃው አየ፣ ወደ እኔ አየ። ግራ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ በአገጩ ምልክት ሰጠኝ፤ አንተ ጀምር።

አንተ ብሎኝ አያውቅም፣ በአገጭም ቢሆን። ደስ አለኝ።

እስኪያልቅ ተጫወትኩ። አሮጊቷ ሁለቴ ተነሥተው ጨፈሩ። አለቀስኩ እንዴ? ትንሽ። ሲጠይቁኝ ላብ ነው አልኩ።

ጥር 21

ሱቄን ዘግቼ ስሞክር ዋልኩ። ጠረጴዛ ላይ። ጡብ ላይ። ወንበር ላይ። መሬት ላይ። እንደገና ጠረጴዛ ላይ።

መሬቱ ነው! ወፍራሙ ድምፅ መሬቱን ተደግፎ ነው የሚቆመው። ከፍ ሲል ሆዱ ይፈስሳል። ኮርማውን ማንም ሁለተኛ ማንሳት ስለማይፈልግ በየሠርጉ መሬት ላይ ቀረ፣ እኔም መሬት ላይ ካልሆነ ሰምቼው አላውቅም። ጥጃው ቀላል ስለሆነ በሄድኩበት ሁሉ ሰቀልኩት። ምስጥ ፈርቼ፣ እንደ ማንኛውም የአሶሳ ሰው።

የዋዛው ሰውዬስ? ጎንበስ ብሎ ወደ መሬት ደፍቶ! በዐይኔ አይቼ፣ በአፌ ጠይቄ፣ ተመልሼ ሳጥኔን ጡብ ላይ አስቀመጥኩ። ምን ይባላል...

ለኻሚስ ነገርኩት። ረጅም ሳቅ ሳቀና "ጡቡን ያቀበለ እኔ ነው" አለ።

የካቲት 8

አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የስልክ ቻርጀር። ሙቀቱ ጀምሯል።

ከሥራ በኋላ ልምምድ። ሁሉም ዕቃ በባጃጅ መጣ። ጥጃውን ራሴ አወረድኩ። ዋሊድ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ አሰበና መለሰው። ጨዋ ነው ብያለሁ። አስቀመጥኩት፣ መሬት ላይ። ስለ ግራ እጅ የሚያወራ የለም። የሚቀጥለው ሠርግ ኩርሙክ ነው፤ መንገዱ ወገብ ይፈታል፣ እሄዳለሁ።

ቤት ስገባ ጥጃውን ገልብጬ አየሁት። አንዱ ጥግ ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ወጥቷል። ምስጥ። እንዲህ በቶሎ! ብሪቱ አይታ ወዲያው ጡብ ይዛ መጣች።

"ይበላዋል" አለች።

"ይብላው። ሌላ እሠራለሁ።"

"እንደዚሁ የሚናገር?"

"እንደዚሁ።"

ጡቡን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ በር ሥር ጣለችውና ሄዳ ኮርማው ላይ ተቀመጠች። አሁን መቀመጫ ሆኗል፣ ይችላል። ጊታሩን ሰካሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስጫወት ቁጭ ብላ ሰምታኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ሥራ አላት።

ጫማዋን አወለቀች። ባዶ እግሯን መሬቱ ላይ ዘረጋች።

"እስቲ ምታው" አለች።